የመጋረጃው ከረጢት

ቲሳኬረስት በምትባለው የሃንጋሪ መንደር ጠዋት ጠዋት የቤት ማሞቂያ የሚነሳው የዕለቱ ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ነው። ጥያቄው የሚመጣው ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ነው። ድምፁ የሴት ነው፤ ጨዋ ነው፤ «እንደምን አደሩ» ሳይል ወደ ነገሩ አይገባም። «ለልጆቻችን የሚበጀውን የሚያውቀው ባዕድ ሳይሆን የገዛ ሰዋችን ነው ብለው ያምናሉ?» ይላል ለምሳሌ። መልሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ «አዎ» ወይ «በጣም አዎ»። ዞርካ ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ አፏን እንኳ ሳትጉመጠመጥ፣ «አዎ» ትላለች። ጎረቤቶቿ አብዛኞቹ «በጣም አዎ» ነው የሚሉት፤ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ያጣራ የለም። ዞርካ በዚህች ነገር ግን ግትር ናት፤ «በጣም» የምትለዋን ቃል አታወጣም።

ከሁሉም የከፋው ጥያቄ የማይመጣበት ቤት መሆን ነው። ከመንደሩ መጨረሻ፣ ወደ ወንዙ ሲኬድ፣ እንዲህ ያሉ ሁለት ቤቶች አሉ። የታሰረ የለም፣ የተደበደበ የለም፤ ግድግዳው ብቻ አንድ ቀን ዝም አለ። ጥያቄ ከሌለ መልስ የለም፤ መልስ ከሌለ ሙቀት የለም። ሰዉ በዚያ በኩል ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥናል፤ ሰላምታ ግን አይከለክልም። እዚያ አገር ሰው ጨዋ ነው።

ምርጫም ቢሆን ያለምንም መቅረት በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል። ሃንጋሪ ምርጫ የላትም የሚል ካለ ውሸታም ነው። የጠፋው የምርጫ ጣቢያው ነው። ጥንት፣ ዞርካ ልጅ ሳለች፣ ሰው ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ ተሰልፎ ነበር የሚመርጠው፤ ሳጥን እቤት ድረስ የሚመጣው ለታመመና ለሸመገለ ብቻ ነበር። ኋላ ለነፍሰ ጡር ተፈቀደ። ቀጥሎ ቤቱ ለራቀ፣ ቀጥሎ ሥራ ለበዛበት። በመጨረሻ ማንም እንዳይንገላታ ተብሎ ጣቢያዎቹ ተዘጉና ሳጥኑ ለሁሉም በየቤቱ ይዞር ጀመር። የተቃወመ አልነበረም። ሳጥን ደጅህ ድረስ ሲመጣልህ ምን ብለህ ትቃወማለህ?

ይዘውት የሚዞሩት ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው ዛላን አርባ ዓመት የሞላው፣ ለስላሳ፣ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ማለት የማይረሳ ሰው ነው። ኮርኔል መኪናውን ይነዳል፣ ሳጥኑን ይሸከማል። ሦስተኛዋ ዞርካ ናት፤ መጋረጃ ያዥ። ሕጉ የድምፅን ምስጢርነት አልሻረም፤ እንዲያውም አጠበቀው። እያንዳንዱ ቡድን አረንጓዴ የሱፍ መጋረጃ በከረጢት ይዞ መዞር አለበት። ሰብሳቢው እያንዳንዱን መራጭ «መጋረጃ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው። መራጩም ሳቅ ብሎ «ኧረ ምን ሲደረግ!» ይላል። ይህን ማለት የማንም ግዴታ አይደለም።

ነገሩ እንግድነት ሆኗላ። ሳጥኑ የሚመጣ ዕለት እመቤቲቱ ጥልፍ የጠረጴዛ ልብስ ታነጥፋለች፤ ፖጋቻ የሚሉትን ጨው ያለበትን ትንንሽ ዳቦ ትጋግራለች፤ ከፕሪም የሚወጣው አረቄያቸው ፓሊንካ ይቀዳል። ሳጥኑ በጠረጴዛው ራስ ላይ ይቀመጣል። መራጩ ምልክቱን ያደርግና ወረቀቱን ሳያጥፍ ወደ እንግዶቹ አዙሮ ያሳያል። ያን ጊዜ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ይጠጣል። ማሳየቱ በሕግ የለም፤ ወግ ነው። ወረቀቱ ላይ ስሞች ሁለት ናቸው። ሁለተኛው፣ ተቃዋሚው፣ ደሞዝ የሚቆረጥለት የተከበረ ሰው ነው፤ በምርጫ ሰሞን እየዞረ የሰውን ጤንነት ይጠይቅና «አደራ እንዳታሳፍሩኝ» ይላል። እንዳትመርጡኝ ማለቱ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል መጋረጃ መጠየቅ በገዛ ገበታህ ላይ እንግዳ አስቀምጠህ ጀርባህን እንደ መስጠት ይቆጠራል። ስለዚህ ዞርካ ሥራውን ከያዘች ጀምሮ መጋረጃው ተዘርግቶ አያውቅም። ከእሷ በፊት የነበሩትም ሴትዮ ዘርግተውት አያውቁም ነበር።

ታዲያ በአንድ ክረምት ልጇ ሚራ ወደ ኦስትሪያ፣ ወደ ግራዝ፣ ለሥራ ልትሄድ ተነሳች። በመንደሩ መሄድ የቻለ ወጣት ሁሉ ይሄዳል፤ ይህ አያስገርምም። የዞርካን ሆድ ያባባው የልጅቷ ልብስ ነው። ሚራ ያላት አንዲት ስስ ጃኬት ነበረች። ውጭ በረዶው ጉልበት ይደርሳል። ከረጢቱ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ወትሮው አቧራ ይጠጣል፤ በምርጫና በምርጫ መካከል የሚቀመጠው መጋረጃ ያዧ ቤት ነው። ዞርካ ጨርቁን አውጥታ ዳሰሰችው። የጠገበ ሱፍ፤ ነፋስ የማያስገባ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ ዋለች። በማግስቱ መቀስ አነሳች። ሚራ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ አረንጓዴ ኮት ለብሳ አውቶቡስ ላይ ወጣች፤ በከረጢቱ ውስጥ ደግሞ የዞርካ ሟች ባል አሮጌ ብርድ ልብስ ግማሹ ታጥፎ ገባ። መኮነን የሚወድ ይኮንናት። እሷ ግን በአውቶቡሱ መስኮት የኮቱን ኮሌታ እያየች «ቢያንስ አይበርዳትም» ነበር ያለችው።

የመጣው ምርጫ አንድም ኮሽታ ሳይሰማ አለፈ። ከዚያ ቀጥሎ በነበረው ምርጫ ነው ቡድኑ ቦቶንድ ባቺ ቤት የገባው።

ባቺ እንደ እኛ «ጋሼ» ያለ ነው፤ ለሴት ሲሆን ኔኒ ይላሉ። ቦቶንድ ባቺ በቲሳ ወንዝ ላይ በጀልባ ሰው ሲያሻግሩ የኖሩ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ኖራ በዚያው ዓመት ሞታባቸዋለች። ሁልጊዜ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር የሚመርጡት። አሁን ጥልፉን ያነጠፉት ራሳቸው ናቸው፤ ገልብጠው ነው ያነጠፉት፤ ክሩ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል።

ዛላን ወረቀቱን ሰጣቸውና የሚባለውን አለ፦ «ባቺ፣ መጋረጃ ይፈልጋሉ?»

«አዎ፣ እፈልጋለሁ» አሉ ቦቶንድ ባቺ።

ኮርኔል ፖጋቻውን እንደጎረሰ ቀረ። ዛላን ያልሰማ መስሎ ደግሞ ጠየቀ። ሽማግሌው ቁጣም ድፍረትም በሌለው ድምፅ፣ ውሃ ስጡኝ የሚሉ ያህል፣ ያንኑ ደገሙለት። ሌላ ሰው ለመምረጥ ብለው እንዳልሆነ፣ ኖራ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ከሰው ተለይቶ እንደማያውቅ፣ አጽናኝ እየበዛ አንድ ነገር እንኳ ብቻቸውን ሆነው አስበው እንዳልጨረሱ አስረዱ። አንዲት ደቂቃ ብቻ ከመጋረጃው ኋላ መቆም ነው የፈለጉት።

«መብትዎ ነው» አለ ዛላን። ወደ ዞርካ ዞረ። «ዞርካ ኔኒ፣ መጋረጃውን።»

ከረጢቱ መከፈት ነበረበትና ከፈተችው። ብል የበላው ግራጫ ብርድ ልብስ ወጣ፤ መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለው። ዞርካ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ከሁለቱ ዝምተኛ ቤቶች አጠገብ ሦስተኛው የእሷ ሲሆን ታያት፤ የጥር ብርድ በአጥንቷ ገባ።

ዛላን ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። እሱ ግን ወንበሩን ስቦ ከሽማግሌው ፊት ተቀመጠና በለሰለሰ ቃል አስረዳቸው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መጋረጃ ከተጠየቀና ከሌለ የመንግሥት ንብረት እንደጠፋ ማሳወቅ አለበት፤ ዞርካ ኔኒ ከሥራዋ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ቤቷ ምን እንደሚሆን ባቺም ያውቁታል። መጋረጃ ካልተጠየቀ ግን ከረጢቱ አልተከፈተም ማለት ነው። «እርስዎ ነዎት የሚወስኑት፤ እኔ ምንም አልልም» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያስፈራራ ነበር፤ ዛላን ግን ከልቡ አዝኖ ነው ያለው።

ቦቶንድ ባቺ ዞርካን ተመለከቷት። ከዚያ ቀን በፊት በመንገድና በምርጫ ዕለት ሰላም ከመባባል በቀር አይተዋወቁም።

«ይቅር» አሉ። «እስኪብርቶውን ስጡኝ።»

እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በሦስት ሰው ፊት፣ ምልክታቸውን አደረጉና ወረቀቱን አዙረው አሳዩ። ፓሊንካ ተቀዳ። ዞርካም ጠጣች።

ማታ በመኪናው ደጇ ሲያወርዷት ዛላን መስኮቱን ዝቅ አደረገና የሚቀጥለው ምርጫ እስኪደርስ መጋረጃው ቢገኝ መልካም እንደሆነ ነገራት። ለማንም አላወራም፣ አላሳወቀም፣ ውለታም አልጠየቀባት። ዞርካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛላንን ባየችው ቁጥር ቀድማ ሰላም ትላለች።

ለሚራ ደወለች። ስልኩም የሚያልፈው በዚያው በወጥ ቤቱ ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ እውነቱን መናገር አይቻልም። ኮቱን እንደምትፈልገው ብቻ ነገረቻት። ሚራ መጀመሪያ ሳቀች። ኮቱን ስንት ክረምት ለብሳዋለች፤ ቁልፉን ቀይራለታለች፤ ሥራ ቦታ «አረንጓዴዋ» ብለው ነው የሚጠሯት። ሳቋን ስትጨርስ ጠየቀች።

«እማዬ፣ የሰጠሽኝን መልሺ ነው የምትይኝ?»

ዞርካ ግድግዳውን አየች። «አዎ» አለች፣ ጠዋት ጠዋት እንደምትለው አድርጋ።

ጥቅሉ ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ደረሰ። ሰላምታ የሚል ቃል አልነበረውም። በኪሱ ውስጥ የተጨማደደ መሀረብና የትራም ትኬት ተገኘ፤ ኮሌታው የልጅቷን አንገት አንገት ይሸታል። ዞርካ ፊቷን ቀብራበት አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ሚራ የምትደውለው ለገና ብቻ ሆነ።

ኮቱን መተርተር ከመስፋቱ የባሰ ሥራ ነው። እጅጌውን ፈታች፣ ትከሻውን ለያየች፣ ኮሌታውን አነሳች። የጎደለውን በገበሩ ጨርቅ ሞላች። ጨርቁ አራት ማዕዘን ሆኖ ተሰፋ፤ ነገር ግን በብረት ብትተኩሰው ብትተኩሰው የድሮው ስፌት መስመር አልጠፋ አለ። መስኮት ላይ ሰቅላ ስታየው ክንዱን የዘረጋ ኮት መሃሉ ላይ ይታያል። ይሁን፤ ሰው ከኋላው ቆሞ ካልታየ መጋረጃ ነው።

ያን ሁሉ የምትሠራው ለሽማግሌው ነበር። ገና ያ ምርጫ ባለፈበት ሰሞን እሑድ የዓሣ ሾርባ ሠርታ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ቦቶንድ ባቺ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አላስተነፈሷትም፤ ሾርባውን ተቀብለው «ግቢ» አሉ። በሚቀጥለው እሑድም ሄደች። ክረምት ሲመጣ የደጃቸውን በረዶ ጠረገች፤ ዓይናቸው ሲደክም መድኃኒቱን እየለየች ሰጠች፤ ጥልፉን በትክክለኛው ፊቱ ማንጠፍ አሳየቻቸው። ሙታን በሚታሰቡበት ቀን አብረው የኖራ መቃብር ላይ ሻማ ያበራሉ። ስትዘገይባቸው ከአጥሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቋት ጀመር። ልጅ ያልወለዱት ሰው «ልጄ» ማለት ጀመሩ፤ ልጇ የራቀቻት ሴትም «አቤት» ማለት ለመደች። ዞርካ ብትጠየቅ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ምርጫው ሲቃረብ፣ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳው ከማይሰማበት ከዋልነት ዛፉ ሥር ነገረቻቸው። «ባቺ፣ መጋረጃው አሁን አለ። እኔው ነኝ የምይዘው። ይጠይቁ።» ሽማግሌው እጇን ጨበጥ አደረጉት። ቃል ግን አልመለሱላትም፤ እሷም ሰው ሲነካው ቃል ያጥረዋል ብላ አለፈችው።

ከምርጫው በፊት ዛላን የቡድኑን ዕቃ ፈተሸ። የዞርካን ከረጢት ሲከፍት መጋረጃውን ዘረጋው። በጣቱ የእጅጌውን ስፌት ከላይ እስከ ታች ተከተለ። ቀና ብሎ አያት፤ መልሶ አጠፈው። «ጥሩ ነው፣ ዞርካ ኔኒ» አለ።

ዕለቱ የሚያዝያ እሑድ ነው፤ ዝናብ ያካፋል። ቦቶንድ ባቺ ጢማቸውን ተላጭተው፣ የሠርጋቸውን ሰደርያ ለብሰው ጠበቁ። ፖጋቻው ዞርካ ራሷ በዋዜማው የጋገረችው ነው። ኮርኔል ሳጥኑን በጠረጴዛው ራስ ላይ አኖረ። ዞርካ እንደ ሌላ ጊዜ አልተቀመጠችም፤ ከረጢቱን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች፣ ማሰሪያውን ፈትታ፣ የመጋረጃውን ምስማሮች በመዳፏ ይዛ ቆመች። የሚሰቀልበትን ቦታ እንኳ አስቀድማ መርጣለች፤ በመስኮቱና በቁም ሣጥኑ መካከል።

ዛላን ወረቀቱን ሰጣቸው። በዚህኛው ጊዜ ድምፁ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። «ባቺ፣ መጋረጃ ይፈልጋሉ?»

ሽማግሌው ከረጢቱን ብዙ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ዞርካ ወጣ፤ ፊታቸው በፈገግታ ተሞላ።

«ከማን ልደበቅ?» አሉ። «ዞርካ እኮ ልጄ ናት።»

መጋረጃ ያዥ በዚያች ሰዓት መናገር አይፈቀድላትም። ዞርካ ግን ተናገረች። «ባቺ፣ ይጠይቁ። እዚህ አለ።»

ዛላን ጥልፉን እንደሚመለከት ሰው አንገቱን ደፋ። ቦቶንድ ባቺ እጃቸውን ዘርግተው ክንዷን መታ መታ አደረጓት።

«ተይው ልጄ። ያኔ የጠየቅሁት የራሴ ሰው ስላልነበረኝ ነው።»

እስኪብርቶውን አነሱ። ዓይናቸው ስለደከመ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ የመጀመሪያው ስም ላይ ምልክታቸውን አደረጉ። ከዚያ አዞሩት። አስቀድመው ያሳዩት ለዛላን አልነበረም፤ አክብሮታቸውን ለመግለጽ ለዞርካ ነው ያሳዩት። ወጉ ማየት ነውና አየች። ራሷንም ነቀነቀች። ምስማሮቹን አጥብቃ ስለያዘች መዳፏ ደምቶ ነበር፤ ያወቀችው ብርጭቆ ሲሰጧት ነው።

የቀሩትን ቤቶች ሲያዳርሱ ዋሉ። በየደረሱበት ዛላን ጠየቀ፤ በየደረሱበት «ኧረ ምን ሲደረግ!» ተባለ። ዞርካ አልሰማችውም ማለት ይቀላል። አራት ዓመት ሙሉ ለሽማግሌው አንዲት ደቂቃ ብቻቸውን የሚሆኑባትን ስትሰፋላቸው ኖራለች፤ እሑድ እሑድ ሾርባ ይዛ ስትሄድ ያችኑ ደቂቃ በእጇ ስትተረትራት ግን ልብ አላለችም። ባትሄድ ኖሮስ? ብላ አሰበች። ባትሄድ ኖሮ ብቻቸውን ነበሩ፤ ብቻቸውን ቢሆኑ ደግሞ ይጠይቁ ነበር። ነገሩን ብታገላብጠው ከሁለት አንዱን መተው አልሆንላት አለ።

የቡድኑ አባላት የሚመርጡት መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ስለበረታ መኪናው ውስጥ ሆኑ። ኮርኔል መሪው ላይ አስደግፎ ምልክቱን አደረገ፣ ወደ ኋላ ዞሮ አሳየ። ዛላንም አደረገ፣ አሳየ። የቀረችው ዞርካ ናት። ከረጢቱ ጭኗ ላይ ነው። መጋረጃው ውስጡ ነው። ለማንኛውም መራጭ ሕጉ አንድ ነውና ዛላን ጠየቃት።

«ዞርካ ኔኒ፣ መጋረጃ ይፈልጋሉ?»

ይህ ጥያቄ ለእሷም እንደሚቀርብላት በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። ዛላንን አየችው። ደጇ ላይ ዝቅ ያደረገውን መስኮት፣ ስፌቱን የተከተለውን ጣቱን፣ «ጥሩ ነው» ያለውን አሰበች። እንዲህ ካለ ሰው ፊት ተነስታ ጀርባዋን ልትሰጥ ነው? ኮርኔል በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ ብሎላታል፤ ደክሞታል፤ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል።

«ኧረ ምን ሲደረግ» አለች።

የሚደገፍ ነገር ስላልነበረ ወረቀቱን ከረጢቱ ላይ ዘረጋችው። ከሥሩ ያለው ሱፍ ለስላሳ ነውና እስኪብርቶው ሊበሳው ነበር፤ ቀስ ብላ፣ ሳትጫን፣ ምልክቷን አደረገች። ከዚያም አዙራ አሳየቻቸው።